በሞቴ

ስልኩ ሞትን የሚጠራ ቃል ከሰማ መስመሩን ይቆርጣል። ኩባንያው «ለደኅንነትዎ ሲባል» ይላል፤ መንግሥትም ደንብ አድርጎታል። እናቴ ደግሞ «አፈር ስሆን» ሳትል ማውራት አታውቅበትም። ደጋግሞ ሲቆረጥባት ጊዜ እንደ ዜና አንባቢ «ጤና ይስጥልኝ፣ ምግብ ተመገብክ?» ማለት ጀመረች። ደንቡን እያወቅኩ እንኳ፣ አንጀቷ ጨከነብኝ ብዬ ስብሰለሰል ከረምኩ።

ዛሬ ከደብረ ታቦር ልትጠይቀኝ መጣች። የሠራሁትን ሽሮ አቀረብኩላት። አንድ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፌ ዘረጋችና፣ ከንፈሯን ነክሳ ስልኬን አየችው።

«ይሰማል እንዴ ይሄ ጉድ?»

«አጥፍቼዋለሁ፣ እማዬ።»

«እንግዲያስ በሞቴ! አፈር ስሆን፣ እኔ ልሙትልህ፣ ይቺን ብቻ!»

ጎረስኩላት። ደረቴ ላይ የከረመው ነገር ቀለል አለኝ።

«በቃ ጠግቤያለሁ» አልኳት፣ ደግማ እንድትለው።