ነጩ ግራናይት

ሻጩ በነጩና በጥቁሩ ግራናይት ላይ ሻይ አፍስሶ ጥቂት ካቆየ በኋላ መጥረጊያ ጨርቅ ለባልየው ሰጠው። «እድፍ ይዞ እንደሆነ ራስዎ ጠርገው ይዩት።» የጠጣበትን ብርጭቆ አንስቶ የማያውቀው ሰውዬ፣ ለአዲሱ ቤታቸው ኪችን ነጭ እንደሚሻል እየደሰኮረ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት ጨርቁን ወደ ሚስቱ ዘረጋ።

አልተቀበለችውም። እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ያዢ እንጂ!»

ጠዋቱን ሙሉ «ጥቁሩ ጉድ ይሸፍናል» ስትል የነበረችው ሴት ወደ ሻጩ ዞረች። «ነጩ ይሁንልን» አለችው።

ባልየው ደረቱን ነፋ። «አላልኩሽም? ነጩ እድፍ አይዝም!»

«ቢይዝ ነው ደስ የሚለኝ። ከእንግዲህ እኔ አልጠርግም፤ እናትህ ሲመጡ ያሳደጉትን ይዩት።»