ኪቦርዱ የሚጠፋበት ቦታ

ኪቦርዱ እሑድ ከምሳ በኋላ እንደ ልማዱ ጠፋ።

ዘፋኟ ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን ሰብስባ ነበር። የመዝጊያው ዘፈን ከፍ ወደሚልበት ቦታ ደርሰዋል፤ የአዳራሹ ሰው ሹካውን አስቀምጦ የሚጠብቀው ያንን ነው። ልክ እዚያ ላይ፣ ከኋላዋ ሙዚቃው ጸጥ አለ።

«አትፍረዱብን» አለ ታላቅ ወንድሟ ከኪቦርዱ ጀርባ ብድግ ብሎ። «ዕቃውም እንደ እኔ አርጅቷል። ጡረታ ብንከለክለው አኮረፈ።»

ሰው ሳቀ፤ አጨበጨበም። እሱም ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር ያለውን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ነካ ነካ ሲያደርገው ኪቦርዱ መልሶ በራ፤ ዝግጅቱ ግን አብቅቶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ብቻ አልሳቀም። ከመድረክ እንደወረደች ወደ ወጥ ቤቱ መተላለፊያ ጠራት።

«እህቴ፣ ባንቺ ላይ ቅሬታ የለኝም። ግን ይሄ ሆቴል እንጂ የዕቃ መሞከሪያ አይደለም። የሚመጣው እሑድ የሆቴሉ ባለቤት ራሳቸው ይመጣሉ። እሳቸው ፊት ከጠፋ እኔም አላድንሽም።»

አንገቷን ደፍታ ወጣች። ከዚህ ሌላ የምትዘፍንበት ቦታ አልቀራትም። ባለፈው ዓመት ጉሮሮዋን ታማ አምስት ወር ስትተኛ ሁሉም ቤት በሌላ ተክቷታል። ኪቦርዱም የተበላሸው ያኔ ነው፤ እሷ አልጋ ላይ፣ እሱ አልጋ ሥር ከረሙ። እሷን ሐኪም አዳናት፣ እሱን እርጥበት በላው። ለጠየቃት ሁሉ የምትናገረው ይህንኑ ነው።

«ጋሼ፣ ሌላ እንፈልግ» አለችው መንገድ ላይ። ወንድሟ ኪቦርዱን በትከሻው ተሸክሞ ከፊት ከፊቷ ይሄዳል።

«ደህና ዕቃ ነው።»

«ደህና ከሆነ ጥሩው ቦታ ላይ ስንደርስ ለምን ይሞታል?»

ትንሽ እንደሄዱ፣ «እታለም፣ ያንን ዘፈን ዝቅ አድርገን ብንሠራውስ? ወይ በሌላ ብንዘጋ?» አላት።

«ሰው የሚመጣው እኮ ለሱ ነው! ዕቃ ታመመ ተብሎ ዘፈን ይቀየራል?»

ኪቦርዱን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ። የሆዱን በሆዱ የሚይዝ ሰው ነው፤ ያኔ ሐኪሙ ለብቻው ጠርቶ ሲያነጋግረውም ምን እንዳለው አልነገራትም።

ሰኞ ራሷ ወደ ጠጋኙ ወሰደችው። ሰፈሩ «ዶክተር» የሚላቸው፣ ራዲዮም ቴሌቪዥንም የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። ሐሙስ ስትመለስ ኪቦርዱ ጠረጴዛው ላይ በርቶ ብቻውን ያዜማል።

«ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ነው የዋለው፣ ልጄ። አንዴም አልጠፋ። ሆዱን ከፍቼ ጠረግኩት፣ ገመዱንም ቀየርኩት። ከኔ ይልቅ ጤነኛ ነው።»

«መድረክ ላይ ግን ይጠፋል፣ አባባ!»

«እንግዲያው ሰው ፊት ያፍራል ማለት ነዋ!»

በሳቅ ተንከተከቱ። እሷ ግን ሳትስቅ ኪቦርዱን አነሳች። ሽማግሌው ሥራው አልገባቸውም ብላ ወጣች።

ቤታቸው ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የጋራ ስለሆነ የምትለማመደው በሹክሹክታ ነው። ካገገመች ወዲህ ያንን ከፍታ በሙሉ ድምፅ አንድም ቀን አልዘፈነችውም፤ መድረክ ላይ ኪቦርዱ ጠፍቶ ይቀድማታል። አንድ ጊዜ ያለ ሙዚቃ ልትቀጥል አፏን ስትከፍት፣ ወንድሟ ብድግ ብሎ ቀልድ ጀመረና ሰው በሳቅ ዋጣት።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ዓርብ ጠዋት ከሌላ ባንድ አንድ ፀጉረ ረጅም ሙዚቀኛ ፈልጋ አገኘች፤ እግሩ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። አዲስ ኪቦርድ አለው። እሺ አላት።

የከበዳት ለወንድሟ መንገሩ ነበር።

«ለዚህ እሑድ ብቻ ነው፣ ጋሼ። ባንተ አይደለም፣ በዕቃው ነው።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ከሌለሁ ማን...» ብሎ ጀመረና ተወው። ከዚያ፣ «እሺ። ያንን ዘፈን ብቻ ተይው። ስለ እናታችን አጥንት ተይው» አላት።

«ቀናህ እንዴ?»

ካመለጣት በኋላ ምላሷን ነከሰች። እሱ ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የሆቴሉ ባለቤት፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሴትዮ፣ ከፊት ተቀመጡ። ወንድሟም መጥቷል። ወንበር ቢሰጡት እምቢ ብሎ ከኋላ፣ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ቆመ።

አዲሱ ኪቦርድ እንደ ሰዓት ሠራ። አንድ ዘፈን፣ ሁለት፣ አምስት። ሥራ አስኪያጁ ከጥግ ሆኖ ራሱን ነቀነቀላት። ከስንት ወር በኋላ ትከሻዋ ቀለላት፤ ይኸው፣ ጥፋቱ የአሮጌው ዕቃ ነበር።

የመዝጊያው ተጀመረ። ሹካዎች ተቀመጡ። ዓይኗን ጨፈነች፤ ሙዚቃው እንዳይሞትባት በልቧ እየለመነች ወደ ላይ ወጣች። ሙዚቃው አልሞተም። ጥርት ብሎ ቀጠለ።

ከጉሮሮዋ የወጣው አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማ ድምፅ ነበር።

እንደገና ሞከረች። አሁን ድምፅም አልሆነ፣ ትንፋሽ ብቻ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት አፍራላት ሳህኗ ላይ አቀረቀረች። የሆቴሉ ባለቤት መነጽራቸውን አወለቁ። በዚያች ቅጽበት ማይኩም፣ ኪቦርዱም፣ የጣሪያው መብራቶችም ባንዴ ድርግም አሉ።

በመስኮቱ በሚገባው የከሰዓት ብርሃን፣ ወንድሟ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ያለውን የቆጣሪ ሳጥን ከፍቶ፣ እጁን ዋናው ማጥፊያ ላይ እንደጫነ አየችው።

«መብራት ሄደ!» እያለ ይጮህ ነበር፣ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል።