አስተርጓሚ ይቀየርልኝ

በዋንካዮ አዳራሽ፣ ለሕዝብ በተከፈተው ችሎት ፊት፣ ኤፒፋኒያ ሱልካ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አፏን ዘጋች።

ጉዳዩ የባሏ ሞት ነው። በጦርነቱ ዘመን ጭምብል ያደረጉ ሰዎች ገደሉት፤ ማን እንደሆኑ እስካሁን አልታወቀም። ዛሬ ካልተናገረች ፋይሉ ይዘጋል።

«ለምን አትመልስም?» አለ ዳኛው በስፓኒሽ።

ከሊማ የተላከችው አስተርጓሚ ኔሊዳ ትከሻዋን ነቀነቀች። ትውልዷ ግን ከሌላ ክፍለ ሀገር፣ ከአያኩቾ ነው። ጠዋት ደጅ ላይ እሷና ኤፒፋኒያ ከአንድ ከረጢት የተቆላ በቆሎ እየቆረጠሙ ሲሳሳቁ ነበር።

«የዚች ልጅ ንግግር አይገባኝም» አለች ኤፒፋኒያ በአገሯ በዋንካ አፍ። «አስተርጓሚ ይቀየርልኝ።»

ከሕዝቡ መሀል አንዱ ለዳኛው ጮኾ ተረጎመለት።

«ኬችዋ እኮ ኬችዋ ነው! የዋንካም ሆነ የአያኩቾ አፍ አንድ ቋንቋ ነው!» ዳኛው ጠረጴዛውን መታ።

አዳራሹ በጩኸት ፈነዳ።

«የነሱና የኛ አፍ አንድ ነው ያለህ ማነው?»

«ገዳዮቹም ከአያኩቾ፣ አስተርጓሚዋም ከአያኩቾ?»

«አስወጧት!»

ዶን አብዶን ያውሪ ባርኔጣውን አውልቆ ከፊት ወንበር ተነሳ። የመንደሩ ሊቀ መንበር ነው። የኤፒፋኒያን አንድያ ልጅ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳዋን የሚያርሰውም እሱ።

«ክቡር ዳኛ፣ እኔ ላስተርጉምላት።»

«እሱ ይሁን» አለች ኤፒፋኒያ።

አብዶን መስቀል ላይ እጁን ጭኖ ማለ።

«በይ ንገሪያቸው፣ አበልጄ። አይዞሽ፣ እኔ አለሁ።»

«ባሌን ከእሳት ዳር ጎትተው አወጡት» አለች። «አንደኛው አናገረኝ። እንዳይለይ ብሎ እንደ በዓል ጭምብል ለባሽ ጨፋሪ ድምፁን አቅጥኖ።»

አብዶን ቃል በቃል ተረጎመ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«በየት አገር አፍ ነው ያናገራት?» ዳኛው ጠየቀ።

አብዶን ወደ እሷ ዞሮ ሳይጠይቃት ራሱ መለሰ። «በአያኩቾ አፍ ነዋ! ይኼንን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል!»

አዳራሹ አጉረመረመ። አንዱ ኔሊዳ ላይ የብርቱካን ልጣጭ ወረወረ። «እንኳን ሰው ድንጋዩ ሳይቀር ያውቃል!»

«መዝግብ» አለ ዳኛው ለጸሐፊው።

ኤፒፋኒያ ተጽፎ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ወደ ኔሊዳ ዞረችና በጠራ የአያኩቾ አፍ እንዲህ አለች፦

«ልጄ፣ አሁን አንቺ ተርጉሚልኝ። ያ ጭምብል ያደረገው ሰውዬ በኛው በዋንካ አፍ ነው የተናገረው። ‹አበልጄ፣ ከቤት እንዳትወጪ› አለኝ።»