ነፋስ ያደረቀው ጋቢ

ከተማው አቧራውን ሽሽት በጣሪያ ከተከደነ ወዲህ፣ ሰው ነፋስ የሚያገኘው የረር ተራራ ላይ ብቻ ነበር፤ ለዚያውም በጋ ሲገባ አንድ ቀን ቢፈቀድለት ነው። ትርሲት ቀኗ ሲደርስ የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን እናቷን፣ ወይዘሮ አስካለን፣ "እማዬ፣ ከተራራው ምን ላምጣልሽ?" አለቻቸው።

"ጋቢዬን አጥበሽ እዚያ አድርቂልኝ። እዚያ የደረቀ የማድረቂያ ማሽኑ ሽታ የለውም።"

ትርሲትና ወንድሟ ደምመላሽ እርጥቡን ጋቢ እየተቀባበሉ፣ በአደይ አበባው መሃል አቀበቱን ወጡ። ሸንተረሩ ላይ ጫፍና ጫፉን ይዘው ሲዘረጉት ነፋሱ ሊነጥቃቸው ታገለ። እንደ ልጅ እየሳቁ ሙጭጭ አሉበት።

"ጠበቅ አድርጊው፤ ይሄ ካመለጠን ቤት አንገባም" አለ ደምመላሽ።

ቤት ሲመለሱ ወይዘሮ አስካለ የደረቀውን ጋቢ ፊታቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

"የነፋሱ ድምፅስ?" አሉ በመጨረሻ። "እንዴት ነበር የሚለው? ጠፋኝ እኮ።"

ትርሲት በቃል መናገሩ ቢያቅታት ጎንበስ ብላ ጆሯቸው ሥር በቀስታ እፍ አለችላቸው።

ወይዘሮ አስካለ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ። "አይ፣ ጠንከር ይል ነበር። እስቲ ወንድምሽም ያግዝሽ።"

ደምመላሽ አልጋውን ዞሮ በሌላኛው ጆሯቸው በኩል ተንበረከከ።