የማይነቁት አባባ

የቀዶ ሕክምና ክፍሏ ኃላፊ ነርስ ጠዋት ስትመጣ፣ ከእሷ በፊት የጫማዋ ድምፅ ይገባል። ኮቴዋ ከኮሪደሩ እንደተሰማ በሩ አጠገብ የተኛው ሹፌር ሳል ይጀምረዋል። ኃላፊዋ ለሳሉ ሐኪሙን ለምና ሽሮፕ አሳዝዛለታለች፤ አልተሻለውም።

በክፍሏ ጸሎት ከመድኃኒት ይቀድማል። አልጋ ለአልጋ እየዞረች፣ እጇን በበሽተኛው ግንባር ላይ ጭና፣ ሰማይ ሩቅ ስለሆነ ይመስላል፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጸልያለች። ነርሶቹ ከጀርባዋ «ሜጋፎን» ይሏታል። እሷ ግን የጸሎቷን ፍሬ በዓይኗ ታያለች። ገና «ጌታ ሆይ» ከማለቷ በሽተኞቹ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ፊታቸው ይረጋጋል።

«የኔ ክፍል የሰላም ክፍል ነው» ትላለች ለሌሎቹ ኃላፊዎች። «እንደናንተ ማስታገሻ እንኳ አንፈጅም።»

ያሳሰባት የአንድ ሰው ሰላም ብቻ ነው። ከመድኃኒት ክፍሉ በር አጠገብ የተኙት አዛውንት ዳሌያቸውን ቀዶ ሕክምና ከተደረጉ ወዲህ፣ እሷ ባለችበት ነቅተው አያውቁም። ብትጠራቸው የለም፤ ትከሻቸውን ብትነቀንቅ የለም። ሐኪሙ ከእሷ ጋር ሲጎበኛቸው ፋይሉን ያገላብጥና፣ «ልባቸውም ግፊታቸውም ከኔ ይሻላል። በዚህ ዕድሜ እንቅልፍም መድኃኒት ነው» ብሎ ያልፋል።

ኃላፊዋ ግን እንዲህ በቀላሉ አታልፍም። የማይነቁት ሰውዬ የምሳ ትሪ ባዶውን ይመለሳል። ባዶውን የሚመለሰው ደግሞ አዲሷ ነርስ ተረኛ ስትሆን ነው።

አዲሷ ነርስ ከጠዋቱ የጋራ ጸሎት ላይ አትገኝም። ስትጠየቅ፣ «ሁላችንም ዓይናችንን ከጨፈንን በሽተኛውን ማን ያየዋል?» ትላለች። አሜን ስትል የሰማት የለም። ኃላፊዋ «ድንጋይ» የሚል ስም አውጥታላታለች።

«ስሚ ልጄ» አለቻት አንድ ቀን። «የአባባን ምሳ ማነው የሚበላው?»

«አባባ ናቸዋ፣ ሲስተር።»

«ተኝተው?»

ልጅቷ ትሪውን አየች፤ ቀጥላ ጣሪያውን አየች። «ምሳ ሲመጣ ይነቃሉ።»

«እኔ ስጸልይላቸው ያልነቁ ሰውዬ ላንቺ ሾርባ ይነቃሉ? ለመሆኑ ምን ብለሽ ነው የምትቀሰቅሻቸው?»

«ምንም አልላቸውም፣ ሲስተር።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። ኃላፊዋ እየገጣጠመች ሄደች። ልጅቷ ማስታገሻ እየወጋች ታስተኛቸዋለች፤ ምሳቸውን ትበላለች፤ ከዚያ የሚጠራት ሰው ሳይኖር እግሯን ዘርግታ ትውላለች። ፈጣሪዋን የማትፈራ ልጅ መርፌ ትፈራለች?

ጉዳዩ ለሆስፒታሉ ዳይሬክተር ቀረበ። ልጅቷ ገና በሙከራ ላይ ስለሆነች ነገሩ ረጅም አልነበረም። የስንብት ደብዳቤው ተዘጋጀ፤ የቀረው ፊርማ ነው። በሽተኛ አደንዝዛለች ተብላ የተባረረች ነርስ ደግሞ ከዚያ በኋላ የትም አትቀጠርም። ልጅቷ የታመመች እናቷን የምታስተዳድረው በዚህች ደመወዝ መሆኑን ዳይሬክተሩ ያውቃል።

«በዓይኔ ሳላይ አልፈርምም» አለ።

«እጅ ከፍንጅ አስይዝልዎታለሁ!» አለች ኃላፊዋ።

በማግስቱ ከምሳ በፊት አባባ ላይ ረጅሙን ጸሎት አደረሰች። በክፍሉ የተገለጠ ዓይን አልነበረም። ስትጨርስ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ስብሰባ አለብኝ! ዛሬ አልመለስም!» ብላ ወጣች። በኮሪደሩ ዞራ በጓሮ በር ወደ መድኃኒት ክፍሉ ገባች። ዳይሬክተሩ ደብዳቤውን ይዞ እዚያ ቆሟል። ጫማዋን አስወለቃት። ከአባባ አልጋ የሚለያቸው ገርበብ ያለ በር ብቻ ነበር።

የትሪ ድምፅ ተሰማ።

«አሁን መርፌውን ታወጣለች» አለች በሹክሹክታ። ዳይሬክተሩ ሹክ ስትል ሲሰማት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከበሩ ወዲያ ግን የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«ሄደች?»

«ሄደች፣ አባባ። ስብሰባ ናት።»

«እፎይ! ስብሰባውን ያርዝምላት። ነይ እስቲ ትራሱን ደግፊልኝ። ዛሬም ሾርባ ነው?»

ከየአልጋው ወሬና ሳቅ ፈነዳ። ሹፌሩ በሙሉ ጉሮሮው ስለ ኳስ ይከራከራል፤ አንዴም አላሳለም።

ዳይሬክተሩ ኃላፊዋን ቀና ብሎ አላያትም። ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተው። የኃላፊዋ ፊት ደም መስሏል።

«ከሃዲ ናቸው!» አለች ጥርሷን ነክሳ። «የጸሎትን ነገር የማያውቁ፣ እምነት የሚባል ያልፈጠረባቸው ሰውዬ!»

ከወዲያ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ እኔ በእርስዎ የተነሳ ልባረር ነው መሰለኝ። ለምን በግልጽ ‹ይብቃሽ› አይሏትም?» አለች።

ማንኪያው ሳህኑ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«በምን አፌ፣ ልጄ? እኔ እኮ ሰባኪ ነኝ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሆስፒታል ለሆስፒታል እየዞርኩ በየበሽተኛው ራስ ላይ እንዲሁ ስጮህ ነው፤ ዓይናቸውን በጨፈኑ ቁጥር መንፈስ የነካቸው እየመሰለኝ እጨምርላቸው ነበር።»