የዓሣ ሻጩ ደመኛ

ዓሣ ሻጩ ቡናማውን የባሕር ወፍ በጉልበቱ ተጭኖ ቢላዋውን አነሣ። ከሦስት ዓመት በፊት ግራ ዓይኑን በምንቃሩ ያወጣው እንዲህ ያለ ቡናማ ወፍ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቡናማ ሲያይ አይምርም። ነጫጮቹን ግን «ጨዋዎቼ» እያለ የዓሣ አንጀት ያጎርሳቸዋል።

«ደመኛዬን ያዝኩት፣ እትዬ!» አላት፣ ወፎቹ ከሚፈለፈሉበት ደሴት ልትጠይቀው የመጣችውን ታላቅ እህቱን። ቢላዋው ወረደ፤ ደሙ እስከ ጢሙ ተረጨ።

«አይ የኔ ጀግና! ቡናማው እኮ የነጫጮቹ የዘንድሮ ጫጩት ነው» አለች። «በዓመቱ ጀርባው ግራጫ ማውጣት ይጀምራል፣ በአራተኛው ዓመት ደረቱ ወተት ይመስላል። ያንተ ደመኛ ይኸኔ ነጭ ሆኗል።»

ከነጫጮቹ «ጨዋዎች» አንዱ እንደ ልማዱ ጠረጴዛው ላይ ወጣና ደሙን ከዓሣ ሻጩ ጣት ላይ ለቀም አደረገ፤ ከዚያ አንገቱን አስግጎ የቀረችውን ዓይኑን ያይ ጀመር።