ከአጠገቡ የነበረው ፋይል

«ጋሼ እንድርያስ... የየኔታን ድምፅ ይክፈቱልኝ።»

ዲያቆን መሐሪ ነው። ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ከቀብር በቀጥታ የመጣው፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወዳለችው የእንድርያስ ኮምፒውተር ቤት ነበር።

ዘመኑ 2001 ዓ.ም...

የሞቱት የኔታ ወልደ ሩፋኤል የድጓ መምህር ነበሩ። የዜማው ምልክት በመጽሐፍ ቢኖርም፣ ዜማው የሚያዘው ከመምህር አፍ ነው።

ሕመሙ ሲጠናባቸው፣ መሐሪ ገና ያልተማረውን ክፍል እዚችው ቤት ተቀምጠው አስቀረፁለት። መጀመሪያ «ሣጥን ምን ያስተምራል» ብለው እምቢ ብለው ነበር... የልጁ ልመና አሸነፋቸው።

መሐሪ ይህን ጨርሶ፣ የድጓ መምህራን ወደሚመሰክሩባት ወደ ጋይንቷ ቤተ ልሔም ሄዶ መምህርነቱን ሊያስመሰክር ነው። ሌላ ሕልም የለውም።

እንድርያስ የመቅረጫውን ፕሮግራም ነካው።

በእንግሊዝኛ አጭር መልእክት ወጣ... አንድ ዲኤልኤል የሚባል ፋይል ስለጠፋ ፕሮግራሙ ሊነሣ አልቻለም ይላል። የፋይሉንም ስም ጽፎታል።

እንድርያስ አልገባውም። አልገባኝም ማለት ደግሞ ሞቱ ነው።

«ቫይረስ ነው» አለ። የማይታወቅ በሽታ ሁሉ ቡዳ እንደሚባለው፣ ያኔ የኮምፒውተር ችግር ሁሉ ቫይረስ ይባል ነበር።

መሐሪ ድምፁ እንዳይጠፋ ፈርቶ ደጋግሞ ጠየቀው። እንድርያስም «የደንበኛ ሥራ በኮምፒውተሩ ሌላ ክፍል ላይ ነው የማስቀምጠው፣ አይነካም። ነገ ና» ብሎ ሸኘው።

ከዚያ ዊንዶውሱ ያለበትን የኮምፒውተሩን ክፍል ጠራርጎ አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነ...

በማግሥቱ ፕሮግራሙ ተከፈተ።

ውስጡ ባዶ ነበር...

ለካ ፕሮግራሙ የቀረፀውን የሚያስቀምጠው እዚያው በተጠረገው ክፍል ኖሯል።

እንድርያስ ምናልባት ቅጂ ይኖር እንደሆነ ብሎ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሁለተኛውን ኮምፒውተር ከፈተ። ድምፁ የለም።

ግን አንድ ነገር አየ... ጠፋ የተባለው ፋይል፣ በዚያው ስም፣ እዚያ ተቀምጧል።

ያን ጊዜ ትዝ አለው። ከቀረፃው በኋላ፣ ከፋሲካ በፊት፣ ለፊልም ቦታ ሲያጣ «ሲነኩት የማይከፈት ምን ይሠራል» ብሎ ይህንኑ ፋይል ከመጀመሪያው ኮምፒውተር ላይ አጥፍቶት ነበር።

ያ ፋይል ብቻውን አይከፈትም። ብዙ ፕሮግራሞች ተካፍለው የሚጠቀሙበት ነው። ከአጠገቡ ካለው ኮምፒውተር ገልብጦ ቢመልሰው ኖሮ የየኔታ ድምፅ ይሰማ ነበር።

ሁሉንም ለመሐሪ ነገረው።

«እኛ ዜማ ሲጠፋን፣ አጠገባችን የተቀመጠውን ጓደኛ ጠይቀን እንቀጥላለን» አለ መሐሪ። «እርስዎ ለምን አልጠየቁም ጋሼ?»

መልስ ሳይጠብቅ ወጣ።

ሌላ መምህር ፈልግ ብለው ብዙዎች መከሩት። ልቤ እምቢ አለኝ ብሎ ቀረ። ቤተ ልሔምን አላየም። ዛሬ የአባቱን የገብስ ማሳ ያርሳል። በበዓል ቀን ከካህናቱ ጋር ያዜማል... ያ ሳይማረው የቀረው የድጓ ክፍል ላይ ሲደርሱ ግን ዝም ይላል።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። እንድርያስ ያፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም።

ወዳጆቼ... ብቻውን ሲያዩት ምንም የማይሠራ የሚመስለው፣ ብዙዎች የተደገፉበት ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ሲጎድል ደግሞ የጎደለውን ጠይቁ እንጂ ሁሉንም አታፍርሱ።

እስቲ ንገሩኝ... «አላውቅም» ማለት አፍራችሁ ያጣችሁት፣ ዛሬም የሚቆጫችሁ ነገር ምንድን ነው?